የፈቺው ቀዳዳ

የላውንደሪዋ ባለቤት ቀኝ ጆሮ፣ ከብዙ ዓመት የማጠቢያ ማሽን ጩኸት በኋላ፣ በገዛ ፈቃዱ ግማሽ ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ ስልክ የምታነሳው ሁልጊዜ በግራዋ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ግራ ክንዷ ገና ሙቀቱ ያልወጣለት የመጋረጃ ክምር አቅፎ ስለነበር እጀታውን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ነገሩ የተጣመመው ምናልባት ከዚያ ጀምሮ ነው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ከወዲያ የመጣው የወንድ ድምፅ ለስላሳና የተለካ ነበር፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያየ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ስሙን ተናገረ፤ ስሙን ማሽኑ ዋጠው። ከዚያ የልጇን ስም ጠርቶ «እናቱ ነዎት?» አላት።

«ነኝ። ልጄ ምን ሆነብኝ?»

«ምንም አልሆነም። እሱ በሠራው ነገር ላይ ግን ከባድ ጉዳይ አግኝቻለሁ። ብጽፍለት ብጽፍለት መልስ የለም። እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሦስት ወር እጠብቀዋለሁ፤ አንዱ አልፏል። ሦስቱ ሲሞላ በይፋ ማውጣቴ አይቀርም። ከዚያ በፊት ቢያስተካክለው ለሁላችንም ይሻላል።»

ሴትዮዋ መጋረጃዎቹን ለቀቀቻቸው። መሬት ላይ ተዘረገፉ።

«አንተ ምንድነው የምትፈልገው?»

«እኔማ ምንም። እሱን ማግኘት ብቻ ነው።»

ቁጥሩን ነገራት፤ እሷም ባገኘችው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫረችው። ስልኩን ስትዘጋ የታጠበ አንሶላ በሞላው ቅርጫት ጠርዝ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

በላውንደሪው ውስጥ ከእሷ ሌላ የምትሠራው አንዲት ልብስ ተኳሽ ናት። ደንበኞች «የዚህ ቤት ተኳሽ እስካሁን የተጨማደደ ሸሚዝ እንጂ ሰው አልገደለችም» እያሉ የሚቀልዱባት፣ እሷም ቀልዱን መቶ ጊዜ ሰምታው መቶ ጊዜ የምትስቅለት ደግ ሴት ናት። ካውያዋን ቀጥ አድርጋ አቁማ መጣችና መጋረጃዎቹን መልቀም ጀመረች።

«እትዬ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ። ማን ነው የደወለው?»

«እንጃ። ልጄ የሠራው ነገር አለ ይላል።»

«ሠራ» የሚለው ቃል ደግሞ ክፉ ቃል ነው፤ ሰው ቤትም ይሠራል፣ ጉድም ይሠራል። የእናት ጆሮ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው።

ልጇ የተማረው ኮምፒውተር ነበር። ተማሪ ሳለ እዚሁ ላውንደሪው ውስጥ፣ ከእንፋሎት ማሽኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እየደረደረ ይውል ነበር። አንድ ጊዜ «ፈቺው» የሚባል ነገር ጨርሻለሁ ብሎ ሲቦርቅ ትዝ ይላታል። ምን እንደሚፈታ ነግሯት ነበር፤ እሷ ግን በልቧ የሚወጣ የማይወጣ ቆሻሻ እያሰበች «ጎሽ የኔ ልጅ» ብላ አለፈችው። ከዚያ ሥራ ያዘ፤ ማታ ማታም እቤት ሲገባ ያንኑ ፈቺውን ሲነካካ ያመሻል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ምክንያቱን በቅጡ ሳይናገር ሥራውን ለቀቀ፣ ኮምፒውተሩን ከቁም ሳጥኑ ሥር ከብርድ ልብሶቹ ጋር ወሸቀው፣ የከርሰ ምድር ውሃ ለሚቆፍሩ ሰዎች መኪና ነጂ ሆኖ ሄደ። ከከተማ የራቀ በረሃ ነው። ስልኩ የሚሠራው ቅዳሜ ቅዳሜ ነዳጅ ሊቀዱ ወደ ከተማ ሲወርዱ ብቻ ነው።

ያኔ «ወጣት ነው፣ አገር ይይ» ብላ ነበር የተወችው። አሁን ያ ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። ለምን በድንገት ሄደ? ለምን ስልክ ወደማይሠራበት ቦታ? ኮምፒውተሩንስ ለምን እንደ ሬሳ ደበቀው?

ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟን አስጠራችው። ከፖሊስነት ጡረታ ወጥቶ እንኳ ሰፈሩ ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚለው፤ ሰው ሲያነጋግር አሁንም ቃል የሚቀበል ነው የሚመስለው። የተባለውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አስደገማት።

«እትዬ፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው» አለ። «መጀመሪያ 'ምንም አልፈልግም' ይላሉ። ሁለተኛ ሲደውሉ ነው ጥያቄው የሚመጣው።»

«ልጄ ምን አድርጎ ነው ግን?»

«እሱን አላውቅም።»

«ምን ይመስልሃል? እውነቱን ንገረኝ።»

ሃምሳ አለቃው ጎሮሮውን ጠረገ፣ ወደ ማሽኖቹ አየ፣ ከዚያም «ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ያጠፋል» አለ። ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፤ ምክንያቱም እሱም እንደሷ መጠርጠሩን አወቀች።

ተማከሩና ሰውየውን ወደ ላውንደሪው ሊጠሩት ወሰኑ። ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደንበኛ በሚገባበት በሚወጣበት ሰዓት። ሃምሳ አለቃው ደንበኛ መስሎ በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየው ዋጋ የጠራ እንደሆነ እዚያው ያፋጥጠዋል። ደወለችለት። «እመጣለሁ» አለ፣ እንደውም ደስ ብሎት። ደስታው ይበልጥ አስፈራት።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃው ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ትልቅ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀመጠ። ተኳሿ አይታው ከንፈሯን ነከሰች። ሴትዮዋ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ልትናገረው ያሰበችውን እየደጋገመች ታነበንብ ነበር። በሩ ተከፈተ።

የገባው ሰው ጎልማሳ ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጀርባው ላይ ቦርሳ ያዘለ። ከፊቱ በነጭ ዘንግ ወለሉን ቀስ አድርጎ እየነካ ነበር የሚራመደው። ዓይነ ስውር ነው። በሩ ላይ ቆም ብሎ «ጤና ይስጥልኝ። በስልክ የተነጋገርነው እኔ ነኝ» አለ።

ተኳሿ ሄዳ ክንዷን ሰጠችውና ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሃምሳ አለቃው ጋዜጣውን ቀስ ብሎ አጠፈ። ቀጥሎ መነጽሩን አወለቀ። ባርኔጣውን ግን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ሴትዮዋ ስታጠናው ያደረችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ልጄን ተወው። እባክህ።»

ሰውየው ግራ ገባው። «ልተወው? እኔ እኮ ላግዘው ነው የመጣሁት።»

«በይፋ አወጣብሃለሁ አላልክም? ሦስት ወር አልሰጠኸውም?»

ዓይነ ስውሩ በመዳፉ ግንባሩን ያዘ።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንዴት ያለ ሰው ነኝ። ያ አነጋገር በእኛ ሙያ የተለመደ ነው፤ አንድ ሰው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ቀዳዳ ሲያገኝ መጀመሪያ ለሠሪው በጆሮው ይነግረዋል፣ እስኪደፍነው ጊዜ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ተጠቃሚው ሁሉ እንዲያውቅ ያወጣዋል። ጨዋነት ነው እኮ። ለካ ለእናት ሲነገር ማስፈራሪያ ነው።»

«ስለምን ቀዳዳ ነው የምታወራው?» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ደንበኛ መሆኑን ረስቶ።

ሰውየው ድምፁ ወደመጣበት ዞረና ማስረዳት ጀመረ። የሚሠራው የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ እሱ ነው። በጎ ፈቃደኞች መጽሐፍ እቤታቸው እያነበቡ ድምፃቸውን ይቀዱና ብዙውን ፋይል አንድ ላይ አሽገው ይልካሉ። የታሸገውን የሚፈታው ፈቺው ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ እሱም በቅጽበት ፈትቶ እያንዳንዱን ፋይል በቦታው ያስቀምጣል።

«አሁን ይህን ላውንደሪ ያስቡ» አላት። «ደንበኛ ከረጢት ሙሉ ልብስ ያመጣል። እያንዳንዱ ልብስ ላይ ወረቀት ተሰክቷል፤ 'እኔን ከላይኛው መደርደሪያ'፣ 'እኔን ከታችኛው' የሚል። ሠራተኛዎ ወረቀቱን አይታ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ግን አንዱ ወረቀት ላይ 'ከሱቁ ውጪ፣ መንገዱን ተሻገሪ፣ የአንዲት ሴትዮ መኝታ ቤት ግቢ፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ያለውን አውጥተሽ ጣይና በምትኩ እኔን አስቀምጪ' የሚል ተጽፎ መጣ። ሠራተኛዎ ምን ታደርጋለች?»

«አበድክ ወይ ብዬ ወረቀቱን እቀደዋለሁ» አለች ተኳሿ።

«ፈቺው አይቀድም። ሄዶ ያስቀምጣል። የልጅዎ ሥራ ግሩም ነው፣ ፈጣን ነው፤ ጥፋቱ ከልክ በላይ ታዛዥ መሆኑ ነው። በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ ተከታትሎ ከመጣ 'ካለህበት ክፍል ውጣ' ማለት ነው። ነጥብ ነጥብ፣ ነጥብ ነጥብ እያለ የፈለገበት ድረስ ይወጣል።»

«አንተ በምን አወቅኸው?» አለች ሴትዮዋ።

ሰውየው ፈገግ አለ። ከአንባቢዎቹ አንዷ፣ ፋይሏን ከተሳሳተ ቦታ ተነስታ በማሸጓ፣ ሳታስበው እንዲህ ያለ ስም ልካለች። የእሱ ኮምፒውተር ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ያን ቀን ሲያነብ «ነጥብ ነጥብ፣ ነጥብ ነጥብ» ሲል ሰማው። እንግዳ ነገር ነው ብሎ ሳይጨርስ አንዲት ወይዘሮ ደውላ አማረረች። የፍቅር ልብ ወለድ እያዳመጠች ነው፤ ጎረምሳው ለልጅቷ የልቡን ተናግሯል፤ ልጅቷ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት አንድ ሐኪም ገብቶ ስለ ድድ አጠባበቅ ማስተማር ጀመረ። የጥርስ ትምህርቱ ከራሱ ክፍል ወጥቶ ልብ ወለዱ ውስጥ ገብቶ፣ ምዕራፉን ጠራርጎ በቦታው ተቀምጧል።

ተኳሿ ሳቋ አመለጣት። ሃምሳ አለቃው እንኳ ጢሙን ነካካ።

«ምዕራፉስ ጠፋ?» አለች ሴትዮዋ።

«ቅጂ ነበረን፤ በዚያው ቀን መለስነው። ልጅቷም እሺ አለችው። ግን ይሄ በስህተት የሆነ ነው። ተንኮለኛ ሰው ቢያውቀው የፈለገውን ፋይል የፈለገበት ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ የነበረውን ያጠፋል። ፈቺው የሚሠራበት ቦታ ደግሞ ብዙ ነው። ለዚህ ነው ነገሩን ለማንም ሳልናገር ልጅዎን የማሳድደው። የጻፍኩለት አድራሻ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ስለነበር አይደርሰውም። በመጨረሻ የፈቺውን መመሪያ ሳነብ ከግርጌው 'ችግር ከገጠመዎ' ብሎ የዚህን ላውንደሪ ስልክ ጽፎ አገኘሁ።»

«የኔን ስልክ?»

«የእርስዎን። ተማሪ ስለነበር ሌላ ስልክ አልነበረው ይሆናል።»

ሴትዮዋ ባንኮኒውን ተደገፈች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር።

«እስካሁን ማንም ሰው ተጎድቷል?»

«እስከማውቀው ድረስ ከጥርስ ሐኪሙ በቀር ማንም በዚያ ቀዳዳ አላለፈም።»

«ልጄ ወንጀለኛ አይደለም ማለት ነው?»

«ወንጀለኛ?» ሰውየው የምር ደነገጠ። «እናቴ፣ ልጅዎ ጥሩ ነገር ሠርቶ ለሰው ሁሉ በነጻ የሰጠ ሰው ነው። ስህተቱ እኔም ብሆን የምሳሳተው ነው።»

ነፍሷ መለስ አለች። ሄዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ልትሰጠው ስትል ራሷ ጨለጠችው፤ ከዚያ ሁለተኛ ቀዳች።

ይሁንና ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሰውየው ቀዳዳውን የሚደፍን ማስተካከያ አዘጋጅቷል፤ አዲሱ ፈቺ ግን በልጇ ማኅተም፣ ከእሱ መምጣቱን በሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ምልክት፣ ካልወጣ ተጠቃሚዎቹ ጋ አይደርስም። ማኅተሙ ያለው በልጇ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ የሚከፈተውም በይለፍ ቃል ነው።

«ኮምፒውተሩ እዚህ ካለ...» ብሎ ሲጀምር ሃምሳ አለቃው ከአግዳሚው ተነሳ።

«ቆይ እስቲ። ነገርህ ጥሩ ነው፣ አንተም ጥሩ ሰው ትመስላለህ። ግን አንተ 'ቀዳዳ ደፈንኩ' ብለህ ሌላ ቀዳዳ ከፍተህ ብትሄድስ? የልጁ ማኅተም አለበት ተብሎ ሁሉም አምኖ ይቀበለዋል።»

ዓይነ ስውሩ አልተቀየመም። «ትክክለኛ ጥያቄ ነው» አለ። «እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ። እርስዎ ባይጠይቁኝ ነበር የማዝነው።»

ሁሉም ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። ልጁ የእሷ ነው፣ ቤቱም የእሷ ነው። ሰውየውን አየችው፤ ጉልበቱ ላይ ያረፉትን እጆቹን፣ በጥንቃቄ የተቆለፈውን የሸሚዙን ቁልፍ። ታምነዋለች። ግን የልጇ ዕቃ ነው።

«ልጄ ቅዳሜ ይደውላል» አለች። «ያን ቀን ና። እሱ ይሁን ካለ ይሁን፤ አይሆንም ካለ በግድ የለም።»

«እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው» አለና ተነሳ። ሃምሳ አለቃው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘው። ሲመለስ «ጨዋ ሰው ነው» አለ፤ ቀጥሎም ነገሩ የበዛ መሰለውና «እንግዲህ እናያለን» ብሎ ጨመረበት።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ሴትዮዋ ሥራዋን ሠራች፤ ሰውም አላወቀባት። ፍርሃቷ ግን ጨርሶ አልወጣላትም። ቀዳዳው ወንጀል ካልሆነ ልጇ ምንን ሸሽቶ ሄደ? ያን የሚመልስላት ሰው ላውንደሪው ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ዓይነ ስውሩ ቀድሞ መጣና ከቦርሳው ላፕቶፑን አውጥቶ ልብስ በሚታጠፍበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የልጇም ኮምፒውተር ከብርድ ልብሶቹ መሃል ወጥቶ አቧራው ተጠርጎ አጠገቡ ተቀመጠ። እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። ሴትዮዋ ማሽኖቹን በሙሉ አስጠፋች። ላውንደሪው ጸጥ ሲል የመንገዱ የመኪና ድምፅ እንኳ እንግዳ ሆነ።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልመለሰችም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ያኔ ምን አድርገህ ነው ሸሽተህ የሄድከው?»

«ሸሽቼ?» አለ ልጁ። ከጀርባው የነዳጅ ማደያው ጫጫታ ይሰማል። «ማንን ነው የምሸሸው?»

«ኮምፒውተርህን ደብቀህ፣ ሥራህን ጥለህ...»

«እማ፣ ወገቤን ነው የሸሸሁት። ሐኪሙ 'ከወንበር ካልተነሳህ ትጎብጣለህ' አለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ሰለቸኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ፈቺውን እያሻሻልኩ ስለቀው አንድ ሰው እንኳ 'አመሰግናለሁ፣ ጠቀመኝ' ብሎ አልጻፈልኝም። ከግድግዳ ጋር የማወራ መሰለኝ። ያን ያህል አስተምረሽኝ ሹፌር ሆንኩ ማለት ከብዶኝ ነው ምክንያቱን በቅጡ ሳልነግርሽ የሄድኩት።»

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው። ምን መስሎሽ ነበር?»

አልነገረችውም። የመሰላትን ነገር ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረችም፤ ሆዷ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ያን ጊዜ ግን ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳላት ያህል እፎይ አለችና፣ በእንባ መሃል «አንተ ጅል፣ ሹፌርነት ምን ነውር አለው?» ብላ ተቆጣችው። ቀጥላም «አሁን አንድ ሰው ያናግርሃል፣ በደንብ አድምጠው» ብላ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ዓይነ ስውሩ ቀዳዳውን በአጭሩ ነገረው። ልጁ ገና በመሃሉ ነገሩ ገብቶት «ወይኔ» አለ ቀስ ብሎ። «ነጥቦቹን አላጣራሁም።»

«አላጣራህም» አለ ዓይነ ስውሩ። «አሁን እኔ ያስተካከልኩትን ላስነብብህ። ካልወደድከው አይወጣም።»

ላፕቶፑ በዚያ ስሜት በሌለው ፈጣን ድምፁ የማስተካከያውን መስመር አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። ልጁ ከማደያው ሆኖ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ «ድገምልኝ» ይላል፣ አንዳንዴ «ጥሩ፣ እለፍ»። ሴትዮዋ ከተነበበው አንዲት ቃል አልገባትም። የልጇ አደማመጥ ግን ገባት፤ ትንሽ ሆኖ ሥራ ሲመስጠው እንዲያ ነበር ትንፋሹ የሚጠፋው።

ንባቡ አለቀ።

«ጠቋሚውስ?» አለ ልጁ።

«የቱ ጠቋሚ?»

«ከታሸገው ውስጥ ፋይል ብቻ አይደለም እኮ የሚወጣው። 'ይህን ስም ያየህ ወደዚያ ሂድ' የሚል ጠቋሚም ይታሸጋል። መጀመሪያ ጠቋሚው ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፋይል በእሱ በኩል አልፎ ውጭ ይጻፋል። ስሙ ውስጥ አንድም ነጥብ ነጥብ የለም። ንጹሕ ነው። ያንተ ማጣሪያ ያሳልፈዋል።»

ዓይነ ስውሩ ጣቶቹን ከላፕቶፑ ላይ አነሳ። «አልታየኝም» አለ። ወዲያው ፊቱ በራ። «ተመስገን ብቻዬን አላወጣሁት። አንዱን በር ዘግቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ ልተወው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ረሱት። ፈቺው አንድ ነገር ከመጻፉ በፊት መንገዱን ከመነሻው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየረገጠ እንዲሄድ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣ ጠቋሚ ካገኘ እዚያው እንዲቆም ተስማሙ። ልጁ ይናገራል፣ ዓይነ ስውሩ ይጽፋል፣ ላፕቶፑ ያነባል። የልጁ የሥራ ጓደኞች ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ ሲነፉበት «ቆዩኝ ትንሽ» ሲል ይሰማል። ከወዲህም አንድ ደንበኛ ሱፉን ሊወስድ መጥቶ ቢያስቸኩል ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ተቀበለውና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ሥራ ላይ ናቸው» አለው። ደንበኛው ነገሩ ሳይገባው ተቀምጦ ጠበቀ።

መጨረሻ ላይ ዓይነ ስውሩ ሁለት መጥፎ ጥቅል አዘጋጀ፤ አንዱ ነጥብ ነጥብ ያለበት፣ አንዱ ጠቋሚ የተቀበረበት። አዲሱን ፈቺ አዘዘው። ላፕቶፑ «ከመያዣው ውጭ መጻፍ አይፈቀድም» ብሎ አነበበ። ሁለተኛውን ሰጠው። ያንኑ ደገመ። ተኳሿ «እሰይ፣ ቀደደው» አለች በሹክሹክታ።

«እማ» አለ ልጁ፣ «የይለፍ ቃሉን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ስልኩን ወደ ጆሮሽ አድርጊና አንቺው ጻፊው።»

እጀታውን አነሳች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲነግራት በአንድ ጣቷ እየለቀመች ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ግማሹ ላይ ስትደርስ የተጻፈው ምን እንደሆነ ገባትና ትከሻዋ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተማሪ ሳለ በየጠዋቱ ከእንቅልፉ ልታስነሳው ከበሩ ላይ ሆና የምትወርድበት ስድብ ነበር፤ አንዲት ፊደል ሳይጎድል።

«ይሄን ዛሬውኑ ቀይረው» አለችው። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

ማኅተሙ ተመታ። አዲሱ ፈቺ ወጣ። ዓይነ ስውሩ «ሄደ» አለ፤ ከዚያም ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ሁሉም ረጅም መንገድ ሄዶ ቤቱ የገባ ይመስል ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ልጁ ከወዲያ። «እናንተ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ናችሁ የምትጠቀሙበት?»

«እኛ ብቻ?» አለ ዓይነ ስውሩ። «የአየር ጠባይ የሚመዘግቡት ይጠቀሙበታል። የራጅ ፎቶ የሚያስቀምጡ ሐኪም ቤቶች አሉ። ትምህርት ቤቶች አሉ። ስንት ቦታ እንዳለ እኔም ቆጥሬ አልጨረስኩም። ሥራው ስለማያስቸግር ነው ማንም የማይጽፍልህ። የሚያስቸግር ቢሆን ኖሮ ስድቡ በደረሰህ ነበር።»

ከመስመሩ ወዲያ ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ልጁ አልመለሰም። እናቱ ዝምታውን ታውቀዋለች፤ ትንሽ ሆኖ ሲያመሰግኑት አንገቱን ደፍቶ ጫማውን እንደሚያይ ዓይነት ነው። እሷ ጣልቃ አልገባችም።

ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ሥራውን አብረው ሊይዙት ተስማሙ። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ያያል፣ ዓይነ ስውሩ በመሃሉ ይጠብቃል፤ አንዱ የጻፈው ሌላው ሳያየው አይወጣም። በመመሪያው ግርጌ የነበረውን የላውንደሪ ስልክ ግን አወጡት። ተጠቃሚዎቹ አዲሱን ፈቺ ከተቀበሉ በኋላ ዓይነ ስውሩ ነገሩን በይፋ ጻፈው፤ የመጀመሪያውን ቀዳዳ እሱ፣ የከፋውን ሁለተኛውን ደግሞ ሠሪው ራሱ እንዳገኘው ገልጾ። ጽሑፉ በወጣ ሳምንት ለልጇ ጥቂት የምስጋና መልእክቶች መጡለት። ዓይነ ስውሩ ደውሎ አንድ በአንድ አነበበላት፤ እሷም ሥራዋን ትታ አንጀቷ ቅቤ እየጠጣ አዳመጠች።

ሃምሳ አለቃው ደግሞ ያልታሰበ ሥራ ያዘ። ሰውየውን ሲሸኝ ሲያመላልስ ተግባብተው ኖሮ ቤተ መጻሕፍቱ በፈቃደኛ አንባቢነት ተቀበለው። መጀመሪያ የወንጀል ልብ ወለድ ሰጡት፤ ነገር ግን ጥፋተኛው ገና ብቅ ሲል ድምፁን እያወፈረ እንደ ተጠርጣሪ ስለሚያነበው አድማጮች ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ የሚያጓጓ ነገር አጣን ብለው ደወሉ። አሁን ስለ አትክልት አተካከል ያነባል። በጣም ተወዷል ይባላል።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ልጇ ደወለ። ቀዳዳም፣ ጠቋሚም፣ ማኅተምም አላነሱም። እሱ በረሃው ላይ ያገኙት ውሃ እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ ወገቡም እንደተሻለው ነገራት። እሷም አንዱ ደንበኛ ነጭ ሸሚዙን ከቀይ ካልሲ ጋር ራሱ አጥቦ ሮዝ ካደረገው በኋላ አስለቅቂልኝ ብሎ እንደመጣ አወራችው። ስለ ምንም ነገር ለረጅም ጊዜ ተጫወቱ። ስትዘጋው ማሽኑ ማጠቡን ጨርሶ ቆሞ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ቶሎ አልተነሳችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ውስጥ ትንሽ ተቀመጠች።